አሜዴዎ አቮጋድሮ

አቮጋድሮ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1776 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በቶሪኖ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሕግ ሰው ስለ ነበሩ፥ እርሳቸውም በ20 ዓመታቸው በቤተ ክርስቲያን ሕግ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። ነገር ግን ልባቸው ወደ ተፈጥሮ ምርመራ ያዘነበለ ስለ ሆነ ሒሳብንና ፊዚክስን አጥንተው በ1809 በቬርቼሊ ከተማ መምህር ሆኑ።

በዚያ ዘመን ሊቃውንትን ያስጨነቀ ነገር ነበር። ሁለት እጅ ሃይድሮጅንና አንድ እጅ ኦክሲጅን ሲዋሐዱ ሁለት እጅ የውሃ እንፋሎት ይሆናሉ። ዳልተን እንዳስተማረው አቶም የማይከፈል ከሆነ፥ አንዱ እጅ ኦክሲጅን ለሁለት እጅ እንፋሎት እንዴት ይዳረሳል? አቮጋድሮ በ1811 መልሱን ሰጡ። ሙቀታቸውና ግፊታቸው አንድ የሆነ፥ እኩል ስፍራም የያዙ ጋዞች የሞለኪውላቸው ቍጥር እኩል ነው፤ የኦክሲጅንም ሞለኪውል ከሁለት አቶሞች የተጣመረ ስለ ሆነ ለሁለት ይከፈላል አሉ። አሳቡ ትክክል ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም።

በ1820 በቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ ቢሾሙም በ1821 በተነሣው የፖለቲካ ሁከት ሰበብ ወንበራቸውን አጡ። በ1834 ተመልሰው እስከ 1850 አስተማሩ፤ በ1856ም አረፉ። ካረፉ ከ4 ዓመት በኋላ በጀርመን አገር በካርልስሩሄ ጉባኤ የአገራቸው ልጅ ካኒዛሮ አሳባቸውን አስረዳ፤ ሊቃውንቱም ቀስ በቀስ ተቀበሉት።

በስማቸው የሚጠራውን ቍጥር እርሳቸው አልቈጠሩትም፤ ስሙን በ1909 የሰጠው ፈረንሳዊው ፔረን ነው። ቍጥሩም ከ602 በኋላ 21 ዜሮ እንደ መጻፍ ያህል ነው።

ከአፋር ምድር ወደ ባቲ ገበያ በግመል ይመጣ በነበረው ጨው እንመልከተው። ሶዲየም 23፥ ክሎሪን 35.5፥ ድምሩ 58.5 ነው፤ ስለዚህ 58.5 ግራም ንጹሕ ጨው አንድ ሞል ይባላል። 5.85 ግራም ብንመዝን የሞል አንድ አሥረኛ ነው፤ በውስጡም ከ602 በኋላ 20 ዜሮ ያለው የሶዲየምና የክሎሪን ጥንድ ይገኛል። እያንዳንዱ ጥንድ ሁለት አቶም ስለ ሆነ በ2 እናባዛለን፤ መልሱ 1,204 ተጽፎ 20 ዜሮ የሚከተለው ይሆናል። ዓይን የማያየውን ሚዛንና ሒሳብ ቈጠሩት ማለት ነው።

የከሚሴ ተማሪዎች ሆይ፥ ይህን ስሌት በምትሠሩበት ጊዜ ሁሉ አሳባቸው ሳይሰማላቸው ያለፉትን መምህር አስቡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።