የመርሳትን ዶሴ የከፈተው ሐኪም

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ትገኛለች። ስሟ ከመርሳት ጋር ስለሚመሳሰል እኛ የአካባቢው ልጆች ስንቀልድበት ነው ያደግነው። ቀልዱ ያስጠላኝ እዚያው የምትኖር አክስቴ መርሳት ስትጀምር ነው። መጀመሪያ ወጡ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረች። ቀጥላ እኔን በሞተው ወንድሟ ስም ጠራችኝ። ጃጀች ብለን ሳቅን። ከዓመታት በኋላ ልጆቿ በአንድ ኑዛዜ ምክንያት ፍርድ ቤት ቆሙ። ክርክሩ የጣት አሻራዋን ባሳረፈችበት ቀን አእምሮዋ ጤነኛ ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ነበር። ከቤተሰቡ ሕግ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ምን እንደረሳችና መቼ መርሳት እንደጀመረች ከመካከላችን ጽፎ የያዘ ሰው አልነበረማ!

ዛሬ የማወጋችሁ ጽፎ ስለያዘ ሰው ነው። ስሙን ሁላችንም ሰምተናል፤ ሰውየውን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም።

አሎይስ አልዛይመር በ1864 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን ባቫሪያ፣ ማርክትብራይት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኖታሪ ነበሩ፤ በእኛ አነጋገር ውልና ማስረጃ ማለት ነው። ልጁ ግን ሕክምና አጠና። በ1888፣ በ24 ዓመቱ፣ ፍራንክፈርት ከተማ በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተቀጠረ። ቀን ከሕሙማን ጋር ይውላል፤ ማታ ከባልደረባው ከፍራንዝ ኒስል ጋር በማይክሮስኮፕ ላይ ያመሻል። ሀብታም ባሏ የሞተባትን ሴት አግብቶ ሦስት ልጆች ወለዱ። ሚስቱ በ1901 ሞተችበት።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ውስጥ አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት ወደ ሆስፒታሉ መጣች። የባቡር ድርጅት ጸሐፊ ሚስት ነበረች። ያለ ምክንያት በባሏ ትቀና ጀመር፤ የቤቷን ሥራ አወላግዳ ትሠራለች፤ የነገሩዋትን አትይዝም። አልዛይመር አጠገቧ ተቀምጦ ይጠይቃታል፤ የምትለውን ሁሉ ይጽፋል። የአሳማ ሥጋ በአበባ ጎመን እየበላች ምን እንደምትበላ ሲጠይቃት ስፒናች ነው አለችው። የባሏን ስም ሲጠይቃት የራሷን ስም ሰጠችው። ስሟን እንድትጽፍ ሲነግራት ጀምራ ትተወዋለች። ሌላው እብደት ወይም እርጅና ብሎ የሚያልፈውን እሱ ቀን እየቆጠረ መዘገበ።

በ1903 ከታዋቂው የአእምሮ ሐኪም ከኤሚል ክራፔሊን ጋር ለመሥራት ሙኒክ ገባ። ለዓመታት ያለ ደመወዝ የሠራው ሚስቱ በተወችለት ሀብት ነው። አውጉስተ በሚያዝያ 1906 ስትሞት ዶሴዋና አንጎሏ ሙኒክ ድረስ ተላከለት። ስስ አድርጎ ቆርጦና አቅልሞ ሲያየው የአንጎሏ ቅርፊት ሳስቷል፤ በሕዋሳቱ መካከል እንግዳ ክምችት፣ በሕዋሳቱ ውስጥ ደግሞ የተቋጠረ ክር የመሰለ ነገር አለ። በዚያው ዓመት ኅዳር 3 ቀን ቱቢንገን ላይ ለሐኪሞች ጉባኤ አቀረበ። ከአዳራሹ አንድም ጥያቄ አልተነሣም። በ1910 ክራፔሊን በመማሪያ መጽሐፉ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው። እሱ ግን ዝናውን ብዙ አላየም። በ1912 ብሬስላው ላይ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ፤ ከዚያ በኋላ ጤና አላገኘም፤ ታኅሣሥ 19 ቀን 1915 ሞተ። አውጉስተ ሆስፒታል በገባችበት ዕድሜ፣ በ51 ዓመቱ ማለት ነው። ጠፍቶ የነበረው ዶሴዋ ፍራንክፈርት ውስጥ የተገኘው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው።

አልዛይመር ያንን ክምችት ለማየት የሕመምተኛዋን ሞት መጠበቅ ነበረበት። ዛሬ መጠበቅ አያስፈልግም። ኤምአርአይ ማስታወስን የሚመራው የአንጎል ክፍል መሟሸሹን ያሳያል። በፔት ስካን ደግሞ ጥቂት ጨረር ያለው ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ ክምችቱ ላይ ሲለጠፍ መሣሪያው ይቀርፀዋል። ይህ ክምችት በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀረፀው በ2002 ስዊድን ውስጥ ነበር። ምልክቱ ከመታየቱ እስከ 20 ዓመት ቀድሞ ሊጠራቀም እንደሚችልም ታውቋል።

ይህ ማለት ግን ሁላችንም አንጎላችንን እናስቀርፅ ማለት አይደለም። ክምችቱ ኖሮባቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይረሱ የሚሞቱ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ምልክት ለሌለው ሰው ምርመራው አይመከርም። ምልክቱ ለጀመረው ግን ቶሎ ማወቅ ዋጋ አለው። በ2023 አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ የሰጠችው ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒት በሽታውን በመጠኑ የሚያዘገየው ገና ጅምር ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው። በ2025 እዚያው አሜሪካ ለምርመራ የሚረዳ የደም ምርመራ ተፈቅዷል። ለእኛ አገር ተስፋው ይህኛው ይመስለኛል። የደም ናሙና ከመርሳ ተነሥቶ ሩቅ መሄድ ይችላል፤ ፔት ስካን ግን ወደ መርሳ አይመጣም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 339 ላይ በእርጅና ምክንያት የድርጊቱን ትርጉም መረዳት ያልቻለን ሰው ጉዳይ አንሥቷል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ማስረጃው ነው። ማስረጃ ደግሞ ማሽን እስኪገዛ አይጠብቅም። እናታችን ያንኑ ጥያቄ ደጋግማ ስትጠይቅ፣ አባታችን የሚያውቀው መንገድ ሲጠፋው፣ ቀኑን በደብተር ጽፎ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም። ኑዛዜም ካለ የሚነገረው ተናዛዡ የሚናገረውን በሚያውቅበት ጊዜ ነው።

አልዛይመር ማይክሮስኮፑን ከማንሣቱ አምስት ዓመት በፊት ያነሣው እስክሪብቶ ነበር። እኛ አክስቴ ፊት ተቀምጠን ያነሣነው ሳቅ ነው። ኑዛዜው የማን እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ወስኗል፤ ወንድማማቾቹ ግን እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።