የሙሳ እናት፦ ቃል ተገብቶላትም የተጨነቀች ልብ



በዛሬው ጁሙዓ አንዲት እናትን እናስታውስ። ቁርኣን በስሟ አይጠራትም፤ የሙሳ እናት ብቻ ይላታል። በኦሪት ትረካ ግን ዮካብድ ትባላለች፤ ከሌዊ ነገድ ናት።

የወለደችበትን ዘመን አስቡት። ፊርዓውን የበኒ ኢስራኢል ወንድ ሕፃናት እንዲገደሉ አዟል። ኦሪት ዘጸአት እንደሚተርከው ልጇን ሦስት ወር ሸሸገችው። ሦስት ወር ሙሉ የሕፃን ልቅሶ ከቤት እንዳይወጣ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ እናቶቻችሁን ጠይቁ።

ከዚያ አላህ (ሱ.ወ) በልቧ ላይ መልእክት ጣለላት። በሱረቱል ቀሶስ 7ኛው አንቀጽ ሁለት ትእዛዝ፣ ሁለት ክልከላና ሁለት ቃል ኪዳን በአንድ ላይ ሰፍረዋል። እንድታጠባው፣ ስትፈራለትም ወንዙ ላይ እንድትጥለው ታዘዘች። እንዳትፈራና እንዳታዝን ተነገራት። ልጇ እንደሚመለስላትና መልእክተኛ እንደሚሆንም ቃል ተገባላት።

እኛ የድሬ ልጆች ውኃ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የዚያን ሌሊት እናቶች ልጆቻቸውን ከውኃ ሲያሸሹ ነበር። የሙሳ እናት ግን ልጇን በሳጥን አድርጋ በገዛ እጇ ለውኃ ሰጠችው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ከጌታዋ ቃል የተገባላት ይህች ሴት ልቧ ባዶ ሆነ። ከልጇ በቀር ሌላ ሐሳብ አልቀረላትም። አላህ ልቧን ባያጸናው ኖሮ ምስጢሩን ልታወጣው ተቃርባ ነበር። አላህ ለዚህ አልወቀሳትም፤ ልቧን አጸናላት እንጂ። ጭንቀቷ የእናትነት እንጂ የኢማን ጉድለት አልነበረም።

ተወኩሏም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልነበረም። እህቱ ዱካውን እንድትከተል ላከቻት፤ ልጅቷም ማንም ሳያውቅባት ከዳር ሆና ተመለከተችው። ሕፃኑን የፊርዓውን ቤተሰቦች አነሱት፤ የፊርዓውን ሚስትም እንዳይገድሉት ለመነች። አጥቢዎች ቢቀርቡለትም አንዳቸውንም አልጠባም። ያኔ እህቱ ቀርባ የሚያሳድግ ቤተሰብ ጠቆመች። ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ እናቱ ጡት ተመለሰ። ኦሪት ለማጥባቷ ዋጋ እንደተከፈላት ይጨምራል፤ ሊገድለው የፈለገው ቤት ለማሳደጊያው ከፈለ!

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! ዛሬም ብዙ ወጣት በድሬ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በባሕር ወደ የመንና ሳዑዲ ይወጣል። አንዳንዱ ለእናቱ ሳይናገር ነው የሚሄደው። እርሷ ልጄ ይመለሳል የሚያሰኝ ቃል ከማንም አልተሰጣትም። ዱካውን ተከትላ የምታይላት ልጅም የለቻትም። ያላት የተዘጋ ስልክ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከእናታችሁ ጋር ሳትመክሩ አትነሱ። ማታ ስታመሹ ደጋግማ ብትደውልም እንዳላመነቻችሁ አትቁጠሩት፤ አንሱላት። የሙሳ እናት ቃል ተገብቶላትም ተጨንቃለች። የእናንተ እናት ያለ ቃል ብትጨነቅ ምን ይገርማል?

ዛሬ ከሶላት ስትወጡ የት እንዳላችሁ ንገሯት። አላህ የእናቶቻችንን ልብ ያጽናልን፣ የራቁትንም በሰላም ይመልስላቸው። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!