ጆርጅ ኮትዚያስ፦ የመጠንና የጊዜ ጥያቄ ከሌቮዶፓ እስከ ተለባሽ ፓምፕ

የፓርኪንሰን ሕመም ሕክምና ታሪክ ሲወሳ የሐኪሙ የጆርጅ ኮትዚያስ ስም ከሌቮዶፓ ጋር አብሮ ይነሣል። ይሁን እንጂ ንጥረ ነገሩ ከእርሳቸው በፊት ይታወቅ ነበር፤ የእርሳቸው ድርሻ መድኃኒቱ እንዴት መሰጠት እንዳለበት ማሳየታቸው ነው። ይህ ጽሑፍ በቅርቡ ወደ ሕክምና የገቡት ተለባሽ ፓምፖች የዚያው ጥያቄ ተከታዮች መሆናቸውን በሕይወት ታሪካቸው በኩል ያመለክታል።

ኮትዚያስ እ.ኤ.አ. በ1918 በግሪክ፣ በቀርጤስ ደሴት ተወለዱ። በአቴና የሕክምና ትምህርት ላይ ሳሉ በ1941 የጀርመን ጦር አገራቸውን በመውረሩ ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ በ1943ም ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው የብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ በተመራማሪነት አገለገሉ።

ወደ ፓርኪንሰን ያደረሳቸው የማንጋኒዝ ጥናት ነበር። በቺሊ የማንጋኒዝ ማዕድን ሠራተኞች ላይ ብናኙ ፓርኪንሰንን የሚመስል ሕመም ያስከትል ነበርና ሁኔታውን በቅርብ መረመሩ። በፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ናይግራ የተባለው ክፍል ጥቁር ቀለሙን ስለሚያጣ፣ የጎደለውን ቀለም መመለስ ይጠቅማል ብለው ገመቱ። በዚህ መነሻ ቆዳን የሚያጠቁር ሆርሞን ሰጥተው ቢሞክሩ የሕሙማኑ መንቀጥቀጥ ባሰ። ቀጥለው ሰውነት ሜላኒንንም ዶፓሚንንም ወደሚሠራበት ወደ ዶፓ ዞሩ።

በዚያን ጊዜ በሕሙማኑ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንደሚያንስ በቪየና በተደረገ ጥናት ታውቆ ነበር፤ በ1961ም በዚያው ከተማ ሌቮዶፓ በደም ሥር ተሰጥቶ ለአጭር ጊዜ የሚቆይ መሻሻል ታይቷል። በሌሎች ስፍራዎች በአነስተኛ መጠን የተደረጉት ሙከራዎች ግን ውጤታቸው የተለያየ በመሆኑ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ነበር። ኮትዚያስ በጥቂቱ ጀምረው፣ ሕሙማኑን በሆስፒታል አስተኝተው እየተከታተሉ፣ መጠኑን ለሳምንታት ቀስ በቀስ ከፍ አደረጉ። በ1967 ባሳተሙት ጥናት 16 ሕሙማን በቀን ከ3 እስከ 16 ግራም የሚደርስ ድብልቅ ዶፓ ወስደው ግማሾቹ ጉልህ መሻሻል አሳዩ። በ1969 ደግሞ ኤል-ዶፓን ብቻ በ28 ሕሙማን ላይ ተጠቅመው ውጤቱን አጸኑ። በዚያው ዓመት የላስከር ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ1970ም መድኃኒቱ በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

ሆኖም ከፈቃድ ውጭ የሚመጡ እንቅስቃሴዎችን የዘገቡት ራሳቸው ነበሩ። የሌቮዶፓ መጠን በደም ውስጥ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሕመሙ ሲገፋ አንጎል ዶፓሚንን የማከማቸት አቅሙን ስለሚያጣ ሕመምተኛው ከኪኒን እስከ ኪኒን እየተፈታና እየታሰረ ይውላል። ኮትዚያስ በ1970 ከቆዳ ሥር የሚወጋውን አፖሞርፊንንም አጥንተዋል። በ1977 በሳንባ ካንሰር ሲያርፉ ይህ የመዋዠቅ ችግር መፍትሔ አላገኘም ነበር።

ዛሬ አፖሞርፊን ከልብስ በታች በሚያዝ ትንሽ ፓምፕ ይሰጣል። ሌቮዶፓ በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ የሚሰጠው በሆድ በኩል እስከ ትንሹ አንጀት በሚዘረጋ ቱቦ ነበር። ፎስሌቮዶፓና ፎስካርቢዶፓ ግን ፎስፌት ስለተጨመረባቸው በደንብ ይሟሟሉ፤ ከቆዳ ሥር በቀጭን ቱቦ ቀንና ሌሊት ገብተው በሰውነት ውስጥ ወደ ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ይለወጣሉ። በአሜሪካ በ2024 ፈቃድ አግኝተዋል። በ141 ሕሙማን ላይ ለ12 ሳምንታት በተደረገ ሙከራ፣ አስቸጋሪ ያልተፈለገ እንቅስቃሴ ሳይኖር መድኃኒቱ የሚሠራበት ጊዜ በፓምፑ ተጠቃሚዎች በቀን 2.72 ሰዓት፣ በኪኒን ወሳጆች 0.97 ሰዓት ጨምሯል። መርፌው በሚገባበት ቦታ የሚከሰት መቅላት፣ እብጠትና ኢንፌክሽን ግን ቀላል ችግር አይደለም።

ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ በኪኒን መልክ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ቢገኙም በብዙ ደሃ አገሮች እንደ ልብ አይገኙም፤ ፓምፑማ ከዚያ ይርቃል። ስለዚህ የኮትዚያስ ሥራ ለተመራማሪ የሚተወው ትምህርት ከመሣሪያው ይሰፋል፦ አንድ መድኃኒት ከንቱ ነው ተብሎ ከመተዉ በፊት መጠኑ፣ ሰዓቱና መንገዱ መመርመር አለባቸው። መሣሪያው በሌለበትም ቢሆን ኪኒኑን ከፋፍሎ በተወሰነ ሰዓት መስጠት የዚያው ምርመራ ተግባራዊ ፍሬ ነው።