ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እና የትውልድ ዕዳ

በኢትዮጵያ የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስም ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይነሣል። በሕይወት የቆዩት 33 ዓመት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የሚታወቁባቸውም ዋና ሥራዎች ሁለት ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ትውልድ ከአባቶቹ የተረከበውን አገር እንዴት ሊመረምር፣ ለልጆቹስ ምን ሊያወርስ እንደሚገባው እንደ እርሳቸው በድፍረት የጠየቀ የዘመኑ ጸሐፊ ጥቂት ነው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የአጤ ዮሐንስ ወታደር ነበሩና በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ወደቁ። ዘመኑ ከብቱ በበሽታ ያለቀበት፣ ሕዝቡ በረኃብ የረገፈበት ክፉ ቀን ነበር። እንግዲህ ሕፃኑ ከአባቶቹ ትውልድ የወረሰው የጀግንነት ዝናን ብቻ ሳይሆን የፈረሰ ኑሮንም ነው።

በልጅነታቸው ምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ጀመሩ። ከዚያም በአንድ የጀርመን መርከብ ተሳፍረው ባሕር እንደ ተሻገሩ፣ የመርከቡ አዛዥም ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ እንደ ሰጣቸው ይነገራል። በዚያ አድገው በጀርመን አገር ከፍተኛ ትምህርት ተከታተሉ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የአጤ ምኒልክ መንግሥት አስተርጓሚ ሆነው አገለገሉ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙበት ወቅት ቤተ መንግሥቱ የሽኩቻ ስፍራ ሆኖ ነበርና ገብረ ሕይወት ለጥቂት ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

ስደቱና ሕመሙ ብዕራቸውን አላዶለዶመውም። አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1912 በአሥመራ ታተመ። ታሪክ ጸሐፊ ነገሩን በትጋት የሚመለከት፣ በፍርዱ የማያዳላ፣ ቋንቋውም የጠራ ሊሆን እንደሚገባው አስገነዘቡ። በዚሁ ሚዛን ያለፉትን ነገሥታት መዘኑ፤ የሚመሰገነውን አመሰገኑ፣ የሚነቀፈውንም አልሸሸጉም። ትልቅን መንቀፍ እንደ ነውር በሚቆጠርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ነቀፋው ግን ለነቀፋ ብቻ አልነበረም። ለወራሹ ለልጅ ኢያሱ የሥራ ዝርዝር አቀረቡ፤ ይኸውም የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብር በሕዝቡ አቅም ልክ ተወስኖ በገንዘብ እንዲከፈል፣ የሠለጠነ ሠራዊት እንዲቋቋም፣ ሕግ ተጽፎ እንዲታወቅ፣ ትምህርት ቤት እንዲከፈት፣ የሃይማኖት ነፃነት እንዲከበር ነው። ከእነዚህ ሁሉ ቁም ነገሩ የመጀመሪያው ነው። የገዢው ኪስና የሕዝቡ ካዝና አንድ ከሆኑ ተጠያቂ የሚሆን ሰው አይገኝምና።

በልጅ ኢያሱ ዘመን ገብረ ሕይወት በመጀመሪያ የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ስለ ነበር ከተማዪቱ የአገሪቱ ዋና የንግድ በር ነበረች። ቡናውና ቆዳው ሲወጣ፣ ጨርቁና የፋብሪካው ዕቃ ሲገባ በየዕለቱ በዐይናቸው ያዩ ነበር። ስለዚህ ኋላ የጻፉት ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ አልነበረም።

መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው ሁለተኛው ሥራቸው የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን፣ ሥራውንም ፍሬያማ የሚያደርገው ዕውቀት መሆኑን አስረዱ። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ ሲገዛ፣ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ድካም ይለውጣል፤ እንዲህም እያለ ለባለ ዕውቀቱ ይገብራል። ባቡሩም ቢሆን ሕዝቡ ካልሠለጠነ ከባለ አገሩ ይልቅ ባዕዱን እንደሚጠቅም ገለጹ። በአገር ውስጥም ዘማች ወታደር የገበሬውን ጎተራ እየበላ ሲኖር ገበሬው ትርፍ የማምረት ፍላጎቱን ያጣል። ሰላም፣ የታወቀ ግብርና የወታደር ደመወዝ በእርሳቸው ዘንድ የኢኮኖሚ ጉዳዮች ነበሩ።

አስተሳሰባቸው እንከን የለሽ አልነበረም። ስለ ወገናቸው ድንቁርና የጻፉት አንዳንዴ ከልክ ያለፈ መራራ ነው፤ በጃፓን ምሳሌ ላይ የጣሉትም ተስፋ የሁለቱን አገሮች ልዩነት አሳንሶ ያየ ነበር። ይህም ሆኖ ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ወይም በአባቶች ላይ ጥለው ራሳቸውን ነፃ አላወጡም። የነቀፉትን መንግሥት ከውስጡ ገብተው አገለገሉ፤ የሚያውቁትንም ለሚሾመውም ለሚማረውም እንዲሆን በአማርኛ ጻፉ።

ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ዐረፉ። ሁለተኛው መጽሐፍ በአዲስ አበባ የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው ፍሬውን አላዩም። የመንግሥት ገንዘብ ከገዢ ሀብት መለየት፣ የግብር ፍትሕ፣ የጥሬ ዕቃ ንግድ ጉዳት ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ትውልዶች በየተራቸው ያነሷቸው ጥያቄዎች ሆኑ። እያንዳንዱ ትውልድ የቀደመውን ሲወቅስ ለመጪው የሚያስረክበውን ሒሳብ አብሮ እንዲያዘጋጅ የገብረ ሕይወት ሕይወት ያስተምራል። በገንዘብ ሚኒስቴርም ሆነ በባንክ፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በምርምር ተቋም ለሚሠራ የሙያው ሰው ትልቁ ውርሳቸው ይኸው ነው።