የአንኮበሩ መሐንዲስ ሙሴ ኢልግ

ባለፈው ክረምት በቤታችን ጓሮ በእንፋሎት የምትዞር ትንሽ ሞተር ለመሥራት ተነሥቼ ነበር። የዘይት ቆርቆሮ ለማፍያ፥ የብስክሌት መንፊያ ለሲሊንደር አደረግሁ፤ ፒስተኑንም ስሞርድ ሰነበትሁ። ነገር ግን ውኃው ሲፈላ እንፋሎቱ በፒስተኑ ዳር እየሾለከ ወጣ እንጂ መንኰራኵሯ ንቅንቅ አላለችም። አጎቴ አይተው፥ ይህን የመሰለ መጫወቻ አዲስ አበባ ሲሸጥ ምን አደከመህ ብለው ሳቁብኝ። መልስ አጣሁ። መልሱን ያገኘሁት ከአልፍሬድ ኢልግ ታሪክ ነው።

ኢልግ በመጋቢት ወር 1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ተማረ። በዚያ ዘመን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ጥበብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ስለ ነበር፥ በዓደን በነበረ የስዊስ ንግድ ቤት አማካይነት ኢልግ ከሁለት የአገሩ ባለ እጆች ጋር ተቀጥሮ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገባ። ዕድሜው ሃያ አራት ዓመት ያህል ነበር። ከእኛ ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ በአንጎለላ የተወለዱት ንጉሥም ገና ሠላሳ አምስት አልሞላቸውም።

ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዙት ድልድይ ወይም ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ ጫማ ነበር ይባላል። መሐንዲስ ጫማ እንዲሰፋ ሲታዘዝ ምን እንደሚሰማው አንባቢ ይገምት! ኢልግ ግን ሠርቶ አቀረበ። ቀጥለው ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት። ከአውሮፓ ቢገዛ የሚሻልና የሚረክስ መሆኑን ቢያስረዳም ንጉሡ አልተቀበሉትም፤ በዚሁ አገር ተሠርቶ ማየት ፈለጉ። ኢልግም ብዙ ደክሞ ጠመንጃውን አስረከበ።

ይህን ለአጎቴ ብነግራቸው፥ አንተ ግን ንጉሥ ያዘዘህ አይደለህም አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ከዚያ በኋላ ኢልግ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ተራራ እስከ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት በቧንቧ የሳበው ውኃ ነው። ውኃው ቁልቁል ወርዶ እንደ ገና ሽቅብ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኰረብታ ሲወጣ ሕዝቡ ተደነቀ፤ ገጣሚዎችም ገጠሙለት። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ያለ እስከ ሆነና ቧንቧው እስካላፈሰሰ ድረስ፥ ከላይ ያለው ውኃ በክብደቱ የፊተኛውን እየገፋ ያወጣዋል። የኔ ሞተር እንቢ ያለችውም በዚሁ በማፍሰስ ጠንቅ ነው።

በዚያው በ1886 ዓ.ም. የጅቡቲን ምድር ባቡር የመሥራት ፈቃድ ለኢልግ ተሰጠ፤ በ1889 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት አማካሪ ሆነ። በሀገራችን ግን ብረት ቀጥቃጩና ሸማኔው ገና ይሰደቡ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ዛሬም ከአንዳንድ አፍ አልጠፋም፤ ሞረድ ይዤ ያየችኝ አንዲት ጎረቤት ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም።

ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ኢልግ በ1899 ዓ.ም. ገደማ አገልግሎቱን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በታኅሣሥ 1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሞተ። ዐፄ ምኒልክም ከእርሱ ሁለት ዓመት ቀድመው በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከሁለቱ አንዱም አላየው።