ዕድሜ የሚቆጥር ሰዓት የሠራው ሰው

አንድ ነገር 10 ሺህ ዓመቱ ነው ሲባል እንሰማለን፤ ነገ ደግሞ እኛው እንዘግበዋለን። ግን ማን ቆጠረው? ይህን ጥያቄ ይዤ ሳነብ ያገኘሁት ሰው ዊላርድ ሊቢ ነው። ዓመታቱን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሊቢ በ1908 በአሜሪካ ኮሎራዶ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በርክሌይ ኬሚስትሪ ተምሮ በ1933 ዶክትሬቱን ያዘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአቶም ቦምብ በተሠራበት ፕሮጀክት ተሳተፈ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ስሙን ያስጠራው ሥራ የተሠራው እዚያ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ካርቦን 14 የተባለ ጨረር የሚያመነጭ ካርቦን ወደ ውስጡ ያስገባል። ሲሞት ማስገባቱ ይቀርና የነበረው በየ5,700 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የቀረውን የለካ ሰው የሞተበትን ዘመን ያውቃል ማለት ነው። ሊቢ ግን ዝም ብሎ አላወጀም፤ ዕድሜው ከታሪክ የታወቀ የጥንት ግብፅ መቃብር እንጨት ለክቶ ሰዓቱን ፈተነ። ውጤቱ በ1949 ታተመ።

ቀጥሎ በዊስኮንሲን በረዶ የጣለውን ጫካ እንጨት ለካ። ጂኦሎጂስቶች ያ በረዶ የመጣው ከ25 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው ይሉ ነበር፤ ልኬቱ ወደ 11 ሺህ አወረደው። በኋላ በተደረገ እርማት ከ13 ሺህ በላይ ሆኗል።

ዛሬ በአንታርክቲካ ዙሪያ ተመራማሪዎች ከባሕር ወለል ጭቃ አውጥተው፣ ውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ዛጎሎች በዚሁ ዘዴ እየለኩ በረዶው መቼ ከየት እንደሸሸ ያጠናሉ። ችግሩ፣ ውሃው ራሱ አሮጌ ካርቦን ስላለው በቅርቡ የሞተ ዛጎል እንኳ ከ1 ሺህ ዓመት በላይ ያረጀ ይመስላል። ይህ ካልተቀነሰ በረዶው የሸሸበት ጊዜና ፍጥነት ይዛባል፤ ስለ ነገው የባሕር ከፍታ የሚሰጠው ግምትም አብሮ ይሳሳታል።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። እኔ የጉንደ ወይን ልጅ ነኝ። ጎጃምን የሚከበው ዓባይ የሚወጣበት ጣና ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር የታወቀው ከሐይቁ ሥር የወጣ ደለል በካርቦን 14 ተለክቶ ነው።

ሊቢ በ1960 የኖቤል ሽልማት አገኘ፣ በ1980 ሞተ። ከ1954 እስከ 1959 የአሜሪካ አቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽን አባል ሳለ ግን የኑክሌር ሙከራን ደግፎ ይከራከር ነበር። እነዚያ ሙከራዎች በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 እጥፍ ሊያደርሱት ጥቂት ነበር የቀራቸው፤ የገዛ ሰዓቱን አናጉበት ማለት ነው። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሁለቱም ይጠቅመናል ባይ ነኝ፦ ቁጥርን ከማውጣት በፊት በታወቀ ነገር መፈተን፣ የትልቅ ሰው ታሪክ ስንጽፍም ጥላውን አለመተው።