ጆን ዶናልድሰን፦ ከታላቁ መዝገብ የቀረው ኳስ ወርዋሪ

በቤዝቦል ስፖርት የኳስ ወርዋሪ ዝና የሚለካው ለቡድኑ ባስገኘው ድልና ኳሱን መምታት ተስኗቸው ከጨዋታ በወጡ መቺዎች ብዛት ነው። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ግላስጎው በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደው ግራኙ ጆን ዶናልድሰን በዚህ መለኪያ ከታላላቆቹ ተርታ ይሰለፋል። ይሁን እንጂ ጥቁር በመሆኑ የሀገሪቱ ዋና ሊግ በሩን ዘጋበት።

እርሱ ግን ክንዱን አላሳረፈም። ከ30 ዓመታት በላይ ከአንዷ የገበሬዎች ከተማ ወደ ሌላዋ እየተጓዘ ተጫወተ። ነጮች፣ ጥቁሮች፣ ኩባውያንና እስያውያን በአንድነት በተሰለፉበት “ኦል ኔሽንስ” ቡድን ገነነ፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ደግሞ ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ተሰለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1947 ጃኪ ሮቢንሰን የዘር ክልከላውን ሲሰብር የዶናልድሰን ዕድሜ ከ50 ዓመት ተሻግሮ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቺካጎ ዋይት ሶክስ በተጫዋች መልማይነት ቀጠረው፤ በዋናው ሊግ ይህን ሥራ በቋሚነት የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ለራሱ ያልደረሰውን ዕድል ለወጣቶች ሊያደርስ ተነሣ። ከተከታተላቸው መካከል ኋላ ዝናው የናኘው ዊሊ ሜይስ ይገኝበታል፤ ሜይስን ግን የወሰደው ኒውዮርክ ጃይንትስ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970 ሲያርፍ በመቃብሩ ላይ ስሙን የያዘ ድንጋይ እንኳ አልቆመለትም፤ የቆመለት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዋናው ሊግ ያልመዘገበለትን ታሪክ ተመራማሪዎች ከትናንሽ ከተሞች ጋዜጦች ለቅመው፣ ከ400 በላይ ድሎችንና ኳሱን መምታት የተሳናቸው ከ5 ሺህ በላይ መቺዎችን ቆጠሩለት። ታላላቆቹ የነፈጉትን ምስክርነት ትንንሾቹ ከተሞች ጠብቀው አቆዩለት።